ምዕራፍ 7፦ ዱካው የማን ነው?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቀርከሃ ያልገባበት ሥራ ማግኘት ይቸግራል። ግድግዳው፣ አጥሩ፣ አልጋው፣ ጎተራው ከቀርከሃ ነው፤ ዋሽንቱም እንዲሁ። ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ ከአሶሳ እስከ ካማሺና መተከል ሰፊ መሬት ይሸፍናል። ስለዚህ የበርታን፣ የጉሙዝን፣ የሺናሻን፣ የማኦንና የኮሞን ቅርስ የሚያሰባስብ ማንኛውም ክፍል ከመደርደሪያው ቀርከሃ አይጠፋም። ዕቃው በተቀመጠ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ከሥሩ አንድ ነገር ብቅ ሊል ይችላል፤ ነጣ ያለ፣ በጣት ሲነኩት የሚልም ዱቄት።

ይህን ዱቄት ያየ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ጠርጎ ይጥለዋል፤ ወይ “ነቀዝ ገብቷል” ብሎ ገበያ ይወርድና የተባይ መድኃኒት ገዝቶ ክፍሉን ሁሉ ይረጫል። ሁለቱም ከቅን ልብ የሚመጡ ናቸው። ሁለቱም ግን ሊነበብ የሚገባውን ማስረጃ ያጠፋሉ። ይህ ምዕራፍ ስለ ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ዱቄቱን ሳይጠርጉ ጎንበስ ብሎ ማየት።

በምዕራፍ 4 እርጥበት ብራናን እንዴት እንደሚያኮማትር፣ በምዕራፍ 6 ደግሞ ብርሃን ቀለምን እንዴት እንደሚያደበዝዝ ተመልክተናል። እርጥበትና ብርሃን የደረሱበትን ሁሉ ይነካሉ፤ አይመርጡም። ነፍሳት ግን ይመርጣሉ። የቀርከሃው ጥንዚዛ ከበሮ ቆዳ ላይ ቢያስቀምጡት በረሃብ ይሞታል፤ ቆዳ የሚበላውም ቀርከሃ ለምግብ አይሆነውም። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፦ ተባዩን የሚያጋልጠው ምርጫው ነው። ምን እንደበላ፣ እንዴት እንደበላና ምን ትቶ እንደሄደ ካወቅን፣ እሱን ራሱን ሳናየው ማንነቱን መናገር እንችላለን።

ከብት የጠፋበት እረኛ

ሌሊት በረቱ ተከፍቶ ላም የጠፋበት እረኛ ዝም ብሎ ጫካ ለጫካ አይሮጥም። መጀመሪያ መሬቱን ያያል። የሰኮናው ቅርጽ የላሙ ነው ወይስ የሌላ? ጠርዙ ገና ስል ነው ወይስ ነፋስ አልፎበታል? ወደ ወንዙ ይወርዳል ወይስ ከወንዙ ይወጣል? የማን፣ መቼ፣ ከየት ወዴት፤ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሲመልስ ላሟን ሳያያት ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

በሙዚየምና በቤተ መዛግብት ተባይ የሚለይ ሰውም ሥራው ይኸው ዱካ ማንበብ ነው። ተባዮቹ ትንንሾች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሜትር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተደበቁ ናቸው። ጥንዚዛ ከዕንቁላል ይፈለፈልና እጭ ይሆናል፤ እጭ ማለት ትል የሚመስለው፣ ዋና ሥራው መብላት የሆነው ዕድሜው ነው። ከዚያ በአንድ ቦታ ተኝቶ ይለወጥና ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ጉዳቱን የሚያደርሰው በአብዛኛው እጩ ነው፤ እጩም በዕቃው ሆድ ውስጥ ስለሚኖር አይታይም። ዓይናችን የሚያርፍበት ክብ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ መግቢያ ሳይሆን መውጫ ነው፤ አድጎ የጨረሰው ጥንዚዛ ሰርስሮ የወጣበት። ቀዳዳ ባየን ጊዜ እንግዲህ አንድ ትውልድ በልቶ አድጎ ሄዷል ማለት ነው።

መሣሪያው ከባድ አይደለም። አንድ የእጅ ባትሪ፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ወረቀት፣ ትንንሽ ብልቃጦች፣ እርሳስና ማስታወሻ ደብተር። ባትሪው ከፊት ለፊት አይበራም፤ ከጎን፣ ወደ ዕቃው ገጽ አግድም ተዘንብሎ ይያዛል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጉድጓድና ጭረት ጥላ ይጥላል፤ ከፊት ሲያበሩበት ደህና የመሰለው ገጽ ተበልቶ ይገኛል።

ዱቄቱ ምን ይናገራል?

ወደ ቀርከሃው እንመለስ። በሞቃታማ አገሮች ሁሉ የደረቀ ቀርከሃን በመብላት የታወቀው ጥንዚዛ በሳይንስ ስሙ ዳይኖደረስ ሚኑተስ ይባላል። ርዝመቱ ከ2.5 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ መልኩ ጥቁር ቡናማ፣ ቅርጹ እንደ አጭር በርሜል ነው። ከላይ ሲያዩት ራሱ አይታይም፤ ትከሻው ቆብ ሆኖ ይሸፍነዋል። ይህ ከራስ ላይ የወረደ ቆብ ዋናው ምልክቱ ነው።

የሚፈልገው ቀርከሃውን ራሱን ሳይሆን በውስጡ የተጠራቀመውን ስታርች ነው፤ ተክሉ ለራሱ ስንቅ ብሎ ያስቀመጠውን። የቀርከሃ የውጭ ልጥ ጠንካራና ለስላሳ ስለሆነ በዚያ በኩል በቀላሉ አይገባም። የሚገባው በተቆረጠው ጫፍ፣ ቅርንጫፍ በተመለመለበት ጠባሳና በተሰነጠቀው የውስጥ ገጽ ነው። ስለዚህ አንድ የቀርከሃ ዋሽንት ወይም ቅርጫት ሲመረመር የሚያብረቀርቀውን ጀርባውን ማየት ጊዜ ማባከን ነው፤ ጫፉን፣ አንጓውን፣ ሆዱን ማየት ይገባል። ቀርከሃ ቆራጮች የተቆረጠውን ውኃ ውስጥ ነክረው ማቆየታቸውም ይህን ስንቅ ለመቀነስ ይረዳቸዋል። የነፍሳት ባለሙያ ሊያስረዳ ከመምጣቱ በፊት በልምድ የተደረሰበት ትክክለኛ መከላከያ ነው፤ ዕቃ የሚያሰባስብ ሰው ዕቃውን ሲረከብ “ቀርከሃው ተነክሯል ወይ?” ብሎ መጠየቅና መልሱን መዝገቡ ላይ ማስፈር አለበት።

ዱቄቱ የላመ ከሆነ፣ ማለትም በሁለት ጣት ሲያሹት ምንም የማይጎረብጥ ከሆነ፣ ዳይኖደረስን ወይም የቅርብ ዘመዱን ሊክተስን እንጠረጥራለን። ሊክተስ ቀጠን ረዘም ያለ ነው፤ ራሱም ከላይ ሲያዩት በግልጽ ይታያል። እሱ ደግሞ ስታርች ያላቸውን እንጨቶች ይወዳል፤ የበርጩማ እግር፣ የመሣሪያ እጀታ፣ ሳጥን። ዱቄቱ ቢጎረብጥ፣ በመነጽር ሲያዩት ጥቃቅን ፍሬዎች ቢታዩበት፣ እነዚያ የሌላ ተባይ ኩስ ናቸው፤ ተጠርጣሪው ይለወጣል። ከዱቄቱ ጋር አፈር ከተገኘ ግን ጥንዚዛውን ትቶ ወደ ምስጥ ማሰብ ያስፈልጋል።

ምስጥ በዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። የአሶሳ ጎረቤት የሆኑት የምዕራብ ወለጋ ወረዳዎች፣ በተለይ መንዲ አካባቢ፣ በምስጥ ጉዳት ለረጅም ዘመን የታወቁ ናቸው። ዱካውም የማይሳሳቱት ነው፦ ከወለል ተነሥቶ በግድግዳ ላይ የሚወጣ የጭቃ መንገድ። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው ጣሪያና ግድግዳ ያለው መንገድ ሠርቶ ይሄዳል። መጽሐፍ ቢያገኝ ሽፋኑን ሳይነካ ሆዱን በልቶ በምትኩ አፈር ይሞላበታል። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ዝናብ ሲጀምር በመብራት ዙሪያ የሚርመሰመሱትን ክንፋም ነፍሳት ሁሉ ምስጥ ማለት ነው። የክንፋም ምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፤ ወገቡም አይቀጥንም። የክንፋም ጉንዳን ወገቡ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ የፊት ክንፉ ከኋላው ይረዝማል፤ አንቴናውም እንደ ክርን የታጠፈ ነው። መስኮት ሥር አንድ እፍኝ ክንፍ ብቻ ቢገኝ እንኳ እኩልነቱን አይቶ መለየት ይቻላል።

የሚያሳስት ቀዳዳ

ዱካ ማንበብ ቀላል ቢሆን ኖሮ ምዕራፍ ባላስፈለገው። አንዳንዱ ዱካ ያሳስታል፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው ደግሞ የቆዳ ጥንዚዛው ነው።

ደርመስቴስ ማኩላተስ የሚባለው ይህ ጥንዚዛ ከ5.5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ጠጉር የለበሰ ነው። እጩ ጥቁር ቡናማ፣ ጠጉራም፣ ጅራቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀንዶች ያሉት ነው። ምግቡ ደረቅ ቆዳ፣ ሥጋ የቀረበት አጥንት፣ ጅማት፣ ላባ ነው። የሥነ ሕይወት ሙዚየሞች አጽም ለማጽዳት ሆን ብለው ያረቡታል፤ ሥጋውን በልቶ አጥንቱን ጥርት አድርጎ ያስረክባል። ይኸው ፍጥረት ግን ከበሮ፣ የቆዳ ልብስ፣ የቀስት ጅማት ባለበት ክፍል ከገባ ያጠፋል።

የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። እጩ በልቶ ሲጠግብና የመለወጫው ጊዜ ሲደርስ ከምግቡ ርቆ ይሄድና ጠንካራ ነገር ሰርስሮ ይተኛል፤ እንጨት ይሁን፣ ካርቶን ይሁን፣ መጽሐፍ ይሁን ግድ የለውም። አይበላውም፤ መኝታ ብቻ ያደርገዋል። ስለዚህ ከበሮ አጠገብ የቆመ የእንጨት በርጩማ ተበስቶ ብናገኘው፣ “እንጨት በል ገባ” ብለን በርጩማውን ማከም ከንቱ ድካም ይሆናል። ምግቡ ያለው ሌላ ዕቃ ላይ ነው። ይህን እንዴት እናውቃለን? ዱካውን ተከትለን። ቀዳዳው አንድ አጭር ጉድጓድ ብቻ ሆኖ ወደ ውስጥ የሚያልፍ የተበላ መንገድ ከሌለው፣ አካባቢውም ላይ ጠጉራም የእጭ ቆዳ ወድቆ ከተገኘ፣ ባለቤቱ እንጨት በል አይደለም። እጭ ሲያድግ ቆዳው ይጠብበውና እየለወጠ ይጥለዋል፤ ያ የተጣለ ቆዳ ለዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ከተገኘው ማስረጃ ሁሉ እኔ አብልጬ የምተማመነው በዚህ ነው፤ ቀዳዳ ይዋሻል፣ ዱቄት ከሌላ መደርደሪያ ሊረግፍ ይችላል፣ የተጣለ ቆዳ ግን የባለቤቱን መልክ ይዞ ይቀራል።

የዚሁ ቤተሰብ ትንንሽ አባላት አሉ፤ አንትሬነስና አታጄነስ የሚባሉት። እጮቻቸው ሱፍ፣ ጠጉር፣ ላባና የደረቁ ነፍሳትን ይበላሉ። ጎልማሳው ጥንዚዛ ግን አመሉን ይለውጣል፤ ወደ ብርሃን ይሄዳል፣ የአበባ ዱቄት ይበላል። መስኮት ደፍ ላይ ሞተው የሚገኙት ድቡልቡል ነጠብጣብ ጥንዚዛዎች ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። የክፍሉ ምርመራ ከመስኮት ደፍ የሚጀመረው ለዚህ ነው፤ መውጫ ፈልገው የሞቱት የት እንዳደጉ እንድንፈልግ ይነግሩናል።

ብራናም ቆዳ ነው። የብራና መጽሐፍ በእነዚህ ዓይን ሁለት ማዕድ ነው፤ ገጹና የቆዳ ሽፋኑ ለቆዳ በሎች፣ የእንጨት ገበታው ለእንጨት በሎች። ጥቃቱ ገበታው ላይ ብቻ ተወስኖ ከቀረ ወይም ቅጠሉ ላይ ብቻ ከታየ፣ ማን እንደመጣ ግማሽ መልስ አገኘን ማለት ነው።

የወረቀቱ ጠላቶች

አሶሳ ቀደም ሲል በወለጋ ክፍለ ሀገር፣ መተከል ደግሞ በጎጃም ሥር ነበሩ። የአካባቢው የጽሑፍ ታሪክ ስለዚህ የተበታተነ ነው። የቤላ ሻንጉልና የአሶሳ ሼኾች በዓረብኛ ይጻጻፉ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ ከነበሩት ከሼኽ ሆጀሌ አልሐሰን ዘመን በኋላ የአማርኛው ደብዳቤ እየበዛ መጣ፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሌላም አካባቢ ወደ አሶሳ የሰፈሩት ሰዎች ጉዳይ የራሱን ወረቀት ፈጥሯል። አብዛኛው ትዝታ በቃል የተላለፈበት አገር ላይ አንድ የመዝገብ ሳጥን ሲጠፋ ቅጂ ሌላ ቦታ ይገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። የአንዲት 3 ሚሊ ሜትር ጥንዚዛ ማንነት የሚያስጨንቀኝ ለዚህ ነው።

ወረቀትና መጽሐፍ የሚበሱት ሁለት ዋና ጥንዚዛዎች መንታ ይመስላሉ። አንዱ የትምባሆ ጥንዚዛ ይባላል፣ ላሲዮደርማ ሴሪኮርኔ፤ ሁለተኛው የመድኃኒት ቤት ጥንዚዛ፣ ስቴጎቢየም ፓኒሲየም። ሁለቱም ከ2 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ ቀይ ቡናማ፣ ጎባጣ ናቸው። ስማቸው አያታልል፤ በቤታችን በርበሬ፣ ቅመማ ቅመምና የደረቀ እህል ላይ የሚገኙ ናቸው። በመጽሐፍ ላይ የሚስባቸው የጀርባው ሙጫ ነው፤ በተለይ ከዱቄት የተሠራ ሙጫ ከሆነ። ከዚያ ተነሥተው ቅጠል በቅጠል ሰርስረው ያልፋሉ፤ መጽሐፉ ሲከፈት ክብ ቀዳዳው በየገጹ ትንሽ ትንሽ ቦታውን እየለወጠ ይታያል። የደረቀ ዕፅዋት ስለሚስማማቸውም የበርታ ሕዝብ የቅል መለከት የሆነውን ዋዛን በመሰለ ዕቃ ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

መለያቸው ሁለት ነው፤ ሁለቱም በአሥር ጊዜ ማጉያ ይታያሉ። የትምባሆው አንቴና ከሥር እስከ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፣ የክንፍ መሸፈኛው ላይም መስመር የለውም። የመድኃኒት ቤቱ አንቴና ጫፍ ላይ ሦስት ሰፋ ያሉ አንጓዎች አሉት፣ ክንፍ መሸፈኛው ላይ ደግሞ የታረሰ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። የሞተው ጥንዚዛ አንቴናው ተሰብሮ ከሆነ መስመሩን ማየት ብቻውን ይበቃል።

“ሁለቱም መጽሐፍ ከበሉ መለየቱ ምን ይጠቅማል?” የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ ያለው ከፍታ ላይ ነው። የትምባሆው ጥንዚዛ ሙቀት ይወዳል። በጣም በሞቀና እርጥበት ባለበት ክፍል ከዕንቁላል እስከ ጥንዚዛ ለመድረስ ወደ 26 ቀን ሊበቃው ይችላል፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ግን 120 ቀን ያህል ይወስድበታል፣ ከዚያ ሲበርድ ማደጉን ያቆማል። የመድኃኒት ቤቱ ጥንዚዛ ቅዝቃዜን የበለጠ ይችላል። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ የትምባሆው ጥንዚዛ በዓመት ጥቂት ትውልድ ቢያፈራ ነው፤ በአሶሳ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ሙቀት ግን በወር ከምናምን አንድ ትውልድ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ መፈተሽ ይበቃል ያለ መመሪያ ለአሶሳ አይበቃም። ይህን የሚነግረን የጥንዚዛው ስም ነው።

ይህ የትምባሆ ጥንዚዛ የቆየ የሰው ልጅ ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በሃዋርድ ካርተር በተገኘው የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ቅሪቱ ተገኝቷል፤ ከ3,300 ዓመት ገደማ በፊት ከንጉሡ ስንቅ ጋር የገባ። ደረቁ አካሉ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ መታወቁ የነፍሳት ዱካ ምን ያህል እንደሚጸና ያሳያል።

ወረቀት ላይ የሚገኘው ጉዳት ሁሉ ግን ቀዳዳ አይደለም። ብርማ ቀለም ያለው፣ ክንፍ የሌለው፣ ጅራቱ ሦስት ክር የሆነው ፈጣን ነፍሳት ገጹን እየጋጠ ያሳሳዋል፤ ወረቀቱ በብርሃን ሲታይ ስስ ደሴቶች ይወጡበታል። ስታርች የነካው ጥጥም ይበላል። ንጹሕ የጥጥ ልብስ ተበልቶ ሲገኝ ብዙ ሰው ብልን ይከሳል፤ የልብስ ብል ግን ሱፍ፣ ጠጉርና ላባ ነው የሚፈልገው፤ ጥጥ ላይ ያለውን ክስ ወደዚህ ባለ ሦስት ጅራት ወይም ወደ በረሮ ማዞር ይሻላል።

እዚህ ላይ የድንጋይ ዕቃ ስላላቸው ክፍሎች አንድ ነገር ልበል። በአሶሳ አካባቢ በቤል ኩርኩሙና በካአባ የዋሻ መጠለያዎች የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። ድንጋይ የሚበላ ተባይ የለም። ከድንጋዩ ጋር ያለው ወረቀት ግን ይበላል። ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደወጣ የሚገልጸው መለያ ከተጋጠ መሣሪያው ታሪኩን አጥቶ ተራ ስባሪ ድንጋይ ይሆናል። የአርኪኦሎጂ ሳጥን ሲፈተሽ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው መለያ ወረቀቱ ነው።

መቼ ነው ያለፈው?

ቀዳዳ አሮጌ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ገና በባለቤቱ ጎጆ ሳለ ተበልቶ፣ ተባዩ አልቆ፣ ሙዚየም የደረሰው ባዶ ቀዳዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። ባዶ ቀዳዳን ማከም ዕቃውን ያለ ምክንያት ማሠቃየት ነው። ትኩስ ቀዳዳ ጠርዙ ስል፣ ውስጡ ከአካባቢው የነጣ ነው፤ አሮጌው ጠቁሮ አቧራ ለብሷል።

እርግጠኛ ለመሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዱቄቱ ናሙና ከተወሰደለት በኋላ በብሩሽ ይጸዳል። ዕቃው በጥቁር ወረቀት ላይ ይቀመጥና ቀኑ በወረቀቱ ጥግ ይጻፋል። ያሉት ቀዳዳዎች ይቆጠራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከወር በኋላ ይታያል። በጥቁሩ ላይ ከቀዳዳው ትይዩ ትንሽ ክምር ከታየ፣ ወይም ቀዳዳው ከጨመረ፣ ውስጡ ሕይወት አለ። በዚህ መካከል መደርደሪያውን መግፋትም ሆነ ዕቃውን ማንሣት አይገባም፤ መንቀጥቀጥ ብቻውን አሮጌ ዱቄት ያረግፋልና።

በክፍሉ የተገኘ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም። አፉ እንደ ዝሆን ኩምቢ የረዘመ ነቀዝ ከጎረቤት የእህል መጋዘን የመጣ መንገደኛ ነው፤ ማሽላና በቆሎ እንጂ መጽሐፍ አይበላም። አንድ ሚሊ ሜትር የምታህለው ፈዛዛ የመጽሐፍ ቅማል ሻጋታ ትበላለች፤ የእሷ መብዛት የሚነግረን በምዕራፍ 4 ስላየነው እርጥበት ነው። ሸረሪት ዕቃ አትነካም፤ ድሯ ግን ሳይጠረግ በፊት መታየት አለበት፣ ምን እንደያዘ ያስነብበናልና።

ስሙ ከታወቀ በኋላ

መለየት ለዕውቀት ብቻ አይደለም። የሚወሰደው እርምጃ ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል።

በእህል ጎተራ የለመድነው መድኃኒት ለቅርስ ክፍል አይሆንም። ፎስቶክሲን የሚባለው እንክብል የሚያወጣው ጋዝ ተባይ ይገድላል፤ መዳብና ነሐስንም ይበላል፣ ማለትም የአንገት ጌጥን፣ አምባርን፣ የዕቃ ማሰሪያ ሽቦን ያጠቁራል። ከሁሉ በላይ ሰው ይገድላል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በፍጹም መሞከር የለበትም። የአውሮፓና የአሜሪካ ሙዚየሞች ባለፉት ዘመናት ዕቃዎቻቸውን በአርሴኒክ፣ በሜርኩሪ ውሕድና በዲዲቲ ያክሙ ነበር። ያ መርዝ ዛሬም ዕቃው ላይ አለ። ከውጭ አገር የሚመለስ አሮጌ የቆዳ ወይም የላባ ቅርስ ያለ ጓንት መነካት የሌለበት ለዚህ ነው፤ አንድ ትውልድ ለማዳን ያደረገው ለቀጣዩ አደጋ ሆነ።

ለአሶሳ የሚስማማው ቅዝቃዜ ነው። ዕቃው በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይጠቀለልና በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ይገባል፤ አየሩ በተቻለ መጠን ወጥቶ ከረጢቱ ይታሸጋል። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስ ማቀዝቀዣ ካለ 3 ቀን ይበቃል፤ የቤት ፍሪዘር የሚደርሰው 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን 14 ቀን ይቆያል። ቅዝቃዜው በፍጥነት መምጣት አለበት፤ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ አንዳንዱ ተባይ ሰውነቱን ያላምዳል። በመካከል መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ከሞቀ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል። ሲወጣም ከረጢቱ ወዲያው አይከፈትም፤ ቢያንስ አንድ ቀን በክፍሉ ሙቀት ይቀመጣል፣ አለበለዚያ ጤዛ ዕቃው ላይ ያርፋል። ቀርከሃ፣ ስፌት፣ ጥጥ፣ ወረቀት በዚህ መንገድ ያለ ችግር ያልፋሉ። በእንጨት ላይ ተወጥሮ የተሰፋ የከበሮ ቆዳ፣ የመስታወት ፎቶና የቅብ ሥዕል ግን ባለሙያ ሳይማከሩ አይገቡም።

ፍሪዘር ከሌለ ደግሞ ማግለል አለ። የተጠረጠረው ዕቃ በታሸገ ፕላስቲክ ከሌሎቹ ይለያል። አዲስ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በር ላይ ባለ ሌላ ክፍል ለጥቂት ሳምንታት በጥቁር ወረቀት ላይ ይቆያል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ቅርጫት ማግለል ሃምሳ ከማከም ይቀልላል።

ብልቃጡ ለማን ይላካል?

መነጽሩ የማይፈታው ጥንዚዛ ይመጣል። ያን ጊዜ ከተቻለ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ጎልማሳውም እጩም፣ 70 ከመቶ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ይገባሉ። መለያው በእርሳስ ይጻፍና ብልቃጡ ውስጥ ይከተታል፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። ቀኑ፣ ክፍሉ፣ መደርደሪያው፣ ዕቃው፣ የተገኘበት ሁኔታ፣ ያገኘው ሰው። “ጥንዚዛ፣ አሶሳ” ብቻ የተጻፈበት ብልቃጥ ግማሽ ዋጋውን አጥቷል፤ ምን ላይ እንደተገኘ የማይታወቅ ተባይ ምርጫውን አይናገርምና።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና መጀመሪያ የሚጠየቀው በከተማው ያለው የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። እዚያ ያሉት የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች የጎተራ ጥንዚዛን በየቀኑ ያያሉ፤ የትምባሆውንና የመድኃኒት ቤቱን ጥንዚዛ ከቅርስ ጠባቂው አስቀድመው ያውቋቸዋል። እስካሁን ቅርስ ጠባቂና የእህል ተባይ ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ የመቀመጥ ልማድ አልዳበረም፤ መዳበር አለበት። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ አምቦ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ክፍል አሉ። ለመጀመሪያ ጥያቄ በመነጽሩ ላይ ስልክ አስጠግቶ የተነሣ ጥሩ ፎቶ ይበቃል፤ ጀርባው፣ ጎኑ፣ አንቴናው፣ አጠገቡም ለመጠን ማስመሪያ።

መልሱ ሲመጣ ከብልቃጡ ጋር ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲመዘገብ ግኝቶቹ በክፍሉ ፕላን ላይ ነጥብ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ነጥቦቹ በአንድ መስኮት ሥር ወይም በአንድ የግድግዳ ስንጥቅ አጠገብ ይሰበሰባሉ፣ የሚበዙበትም ወር ይታወቃል። የእረኛው ሦስተኛ ጥያቄ፣ ከየት ወዴት የሚለው፣ የሚመለሰው በዚህ ፕላን ነው። ተባይ የሚይዙ የሙጫ ወጥመዶች የት የት እንደሚቀመጡና ፕላኑ እንዴት እንደሚነበብ በምዕራፍ 8 እንሠራዋለን።